ድመት ማቀዝቀዣ

ሰመራ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሌለው ሻይ ቤት ሰው አይገባበትም፤ ቢገባም አጉረምርሞ ይወጣል። ኡሙሀኒ ከወሎ መጥታ በተከራየችው ግቢ በር ላይ ሻይ ቤት ከከፈተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከንብረቷ ሁሉ የምትሳሳለትም አሮጌ ፍሪጇ ነበር። ያ ፍሪጅ ታዲያ ከሦስት ወር ወዲህ ቀን ቀን መነሣት አቅቶታል፤ ትንሽ ይንተፋተፍና ጸጥ ይላል። ደንበኞቿም አንድ በአንድ ወደ ማዶው ሻይ ቤት መሻገር ጀምረዋል።

ጥፋተኛውን አሳምራ ታውቀዋለች። የግቢው መስመር ደካማ ስለሆነ አንድ ኤሲ ከተከፈተ ለሌላው የሚተርፍ ኃይል የለም። ኤሲ ያለው ደግሞ ጎረቤቷ ፍቅረ ሥላሴ ብቻ ነው። ደግ ልጅ ነው፣ አይካድም። መሥሪያ ቤቱ የሚሠራው በአካባቢ ጥበቃ ላይ ሲሆን፣ የግቢው ግድግዳ ላይ «ስትወጡ አጥፉ!» የሚል ወረቀት የለጠፈውም እሱ ነው። እሱ ቢሮ ሲውል ግን ኤሲው ቤት ውስጥ ሲያጓራ ይውላል። ለማን? ለልዕልት! ልዕልት ከደብረ ብርሃን ያመጣት፣ ጠጉሯ የበግ ለምድ የሚያክል ነጭ ድመቱ ናት። ኡሙሀኒ አንድ ቀን ነገሩን ብታነሣበት፣ «እትዬ፣ ኃይል የሚያባክነውኮ የእርስዎ ፍሪጅ ነው፤ አርጅቷል» ብሎ ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጣት። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለች በሆዷ። ወረቀቱንም ስኳር ጠቀለለችበት።

አንድ እሑድ ጠዋት ፍቅረ ሥላሴ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ። አዋሽ ሰባት ኪሎ የሦስት ቀን ስብሰባ አለበት፤ ስለ ኃይል ቁጠባ ጥናት ያቀርባል። ቁልፉን ሰጣት።

«እትዬ፣ ልዕልትን አደራ። ኤሲው እንደተከፈተ ይሁን። ሙቀት እንዳይነካት ይማሉልኝ።»

«ሙቀት አይነካትም፣ ወላሂ! አብሽር ልጄ» አለች። ስለ ኤሲው ግን ትንፍሽ አላለችም።

አውቶቡሱ ከከተማ ሳይወጣ ኤሲውን ጥርቅም አድርጋ አጠፋችው። ፍሪጁ ተንቀጠቀጠና ተነሣ። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም፤ መሐላዋ ትዝ አላት። ድመቷ ብትታመም ፍቅረ ሥላሴ ይቅርና አላህም ይጠይቃታል።

ግቢው ውስጥ ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ከባቲ ገበያ ያስመጣችው ትልቅ የሸክላ የውሃ ጋን አለ። ጋኑ ቀኑን ሙሉ ያልበዋል፤ ከሥሩ ያለው አሸዋም አይደርቅም። ኡሙሀኒ አሸዋው ላይ ውሃ ጨመረችበት፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ደግሞ የራሰ ጆንያ ሰቀለች። ከዚያ ልዕልትን አቅፋ አምጥታ አስቀመጠቻት። ልዕልት መጀመሪያ እግሯን አራገፈች፤ የተዋረደች መሰላት። ቀጥላ አሸተተች፣ ዞረች፣ በመጨረሻም ሆዷን አሸዋው ላይ ዘርግታ ተኛች። ኡሙሀኒ ስትዳስሳት ሰውነቷ ቀዝቅዟል። «አልሐምዱሊላህ!» አለች።

በማግስቱ በሻይ ሰዓት ፍቅረ ሥላሴ በቪዲዮ ደወለ። «ልዕልትን ያሳዩኝ!» ሲላት ሳታስብ ስልኩን ወደ ጋኑ አዞረችው።

«ምንድን ነው ይሄ? ውጭ ምን ትሠራለች? ኤሲው...»

ቃሉን ሳይጨርስ አንድ መላጣ ራስ በትከሻው በኩል ብቅ አለ። አለቃው አቶ እንድሪያስ ናቸው። «ምንድን ነው የምታዩት?» አሉ። ፍቅረ ሥላሴ ስልኩን ሊሸሽግ ሞከረ። ኡሙሀኒ ግን ቀደመችው።

«ድመት ማቀዝቀዣ ነዋ፣ ጌታዬ! እሱው አይደል ያስተማረን! መብራት አይበላ፣ አይጮህ። ኤሲውንማ ሲወጣ አጥፍቶ ነው የሚወጣው። ምን የመሰለ ልጅ አላችሁ!»

አቶ እንድሪያስ ተደነቁ። «ይሄን ነገር ለእኛ ትደብቃለህ? በሚቀጥለው ሰኞ ካሜራ ይዘን ግቢህ እንመጣለን!»

ስልኩ ሲዘጋ ኡሙሀኒ ፍሪጇን ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከእንግዲህ ኤሲውን ለድመት ይክፈታታ!

ሐሙስ ፍቅረ ሥላሴ ተመለሰ። አኩርፎ አለፋትና ጋኑ ሥር ተንበርክኮ «ልዕልት!» አለ። ልዕልት አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችውና መልሳ ከደነችው። ልጁ ፊቱ ጠወለገ።

«ጠላችኝ እንዴ፣ እትዬ?»

«አልጠላችህም ልጄ። ተመችቷት ነው» አለች፤ አሳዘናት።

ሰኞ ካሜራው ተተከለ። አቶ እንድሪያስ ከረባታቸውን አስተካከሉና «እስቲ ንገረን፤ ሐሳቡ እንዴት መጣልህ?» አሉ። ኡሙሀኒ ጋኑ አጠገብ ቆማ ሰማች። ልጁ እውነቱን ቢናገር ይዋረዳል፤ ቢዋሽም የውሸቱ እናት እሷው ናት። ለፍሪጇ ብላ ልጁን ገደል አፋፍ እንዳቆመችው የገባት ገና ያኔ ነው።

ፍቅረ ሥላሴ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ወረቀት ትንሽ አየና፣ «የእኔ ሐሳብ አይደለም» አለ። «እኔ ሦስት ወር ሙሉ ለድመቴ ኤሲ ከፍቼ እየወጣሁ ሰውን አጥፉ ስል ነበር። የእትዬ ኡሙሀኒ ፍሪጅ የቆመውም በእኔ ነው። ይሄ የእሳቸው ሥራ ነው።»

ኡሙሀኒ አፍራ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ ልጁን በዚያች ደቂቃ ከልቧ ወደደችው። አቶ እንድሪያስ ወዲያ ወዲህ አዩና ካሜራ ያዡን «አጥፋው» አሉት። ከዚያ ወደ ጋኑ ጠጋ ብለው አሸዋውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ጎንበስ እንዳሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እናቴ» አሏት፣ «የእኔ ደግሞ ውሻ ነው፤ ትልቅ ነው። አሁንም ኤሲ ተከፍቶለት ተኝቷል። ለእሱ ስንት ጋን ይበቃዋል?»