ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር

ሰፈሩ መካኒኩን አባ ሺ ይለዋል፤ አንዷን ሺ ስለሚያደርግ። ጎማ ከቀየረ ሞተር አውርጄ ገጠምኩ ይላል፤ ጉንፋን ይዞት ከሰነበተ ከመቃብር አፋፍ ተመለስኩ ይላል። አንድ ጊዜ ጋራዡ ደጃፍ ቁጭ ብሎ፣ ሦስት መንገድ አሻግሮ የሚያልፍ መኪና ሰምቶ «የሦስተኛው ፒስቶን ቀለበት አልቋል» ማለቱን ሲምል ምድር ይንቀጠቀጣል። ምስክሮች ነበሩት፤ ምን ያደርጋል፣ ሁሉም ሞተዋል።

በዚያ ጠዋት ግን፣ በሟች ጓደኛው ግቢ የመኪናውን ኮፋኖ ከፍቶ ካጎነበሰ ቆየ፤ ከአፉ ቃል ጠፋ።

«እስቲ ደግመሽ አስነሺው» አላት የጓደኛውን ሚስት።

ቁልፉን አዞረችው። ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ ተሽከረከረ፤ ያ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ የሚነሣው ሞተር ግን የለም። እህል እንዳልገባበት ወፍጮ ባዶውን ጮኸ።

«በቃ፣ በቃ!» እጁን አወናጨፈ። በዘይት መሙያው ቀዳዳ በባትሪ አይቶ ነበር፤ ታች ሲዞር ላይ ያለው ዘንግ ንቅንቅ አላለም። «ሁለቱን የሚያገናኘው ሰንሰለት፣ ካቴናው፣ ተበጥሷል።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?» ብላ ጠየቀች፤ በሹክሹክታ ነው። ዓይኗ ከመኪናው አምስት እርምጃ በማይርቀው መስኮት ላይ ነበር።

ከመስኮቱ ኋላ አማቷ ተኝተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትና ልጅ ተኳርፈው ነበር። ልጅየው ይህን መኪና የገዛ ጊዜ ማቆሚያ ቦታ አጣና አባቱ የተከለውን ዛፍ ቆረጠው። እናት ጉቶውን ባዩ ጊዜ «አባትህን ሁለት ጊዜ ቀበርከው፤ ክፍሌን እንዳትረግጥ!» አሉ። እሱም አልረገጠም። እሷ ካልጠራችኝ አለ፤ እሳቸው ይቅርታ ካልጠየቀኝ አሉ። ሁለቱም ከአንድ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው፤ ድንጋዩ ተራራ ያክላል። ይሁን እንጂ እናት ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ «ሄደ» ይላሉ፤ ማታ ሲመለስ «መጣ» ይላሉ። «መጣ» ሳይሉ እራት አይቀምሱም።

ከዚያ እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ሐኪም ቤት ገቡ። እሳቸው እዚያ ተኝተው ሳለ ልጃቸው መሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ እንዳለ ልቡ ቆመ። በአርባ ሦስት ዓመቱ። ሐኪሙ «የእናቲቱም ልብ ክር ናት፣ እስኪሻላቸው ደብቁ» አለ። ወደ ቤት በተመለሱ በመጀመሪያው ማታ እራታቸውን ገፍተው «ምነው እስካሁን አልመጣም?» አሉ። ሚስቱ ወጣች፤ መኪናው ውስጥ ገባች፤ ቁልፉን አዞረችና አጠፋችው።

«መጣ» አሉ አማቷ። ሰሐኑን ሳቡት።

እስኪሻላቸው የተባለው ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ አምስት ወር ሆነ። መንዳት አታውቅም። ጠዋት ሞተሩን ታስነሣለች፤ የግቢውን በር እንዲሰማ እያንኳኳች ከፍታ ትዘጋለች፤ ታጠፋዋለች። ማታም እንዲሁ። አነሣሡን ያስተማራት አባ ሺ ነው። «ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። የሺህ ዓመት ሞተር ነው፤ የልጅ ልጆችሽን ይቀብራል» ብሏት ነበር።

መስኮቱ ተከፈተ።

«አባ ሺ! አንተ ነህ የምትቀጠቅጠው?»

«እኔው ነኝ እማማ! እንዴት አደሩ?»

«በአንተ ጩኸት ማን ያድራል! ልጄ ዛሬ አልሄደም እንዴ?»

«በአውቶቡስ ሄደ። መኪናዋ ትንሽ አመማት። እኔ በሦስት ቀን ሙሽራ አደርጋታለሁ!»

«አንተ ሦስት ቀን ካልክ ሦስት ወር ነው። በሞቴ፣ እስኪ አንድ ቀን እንኳ ልክህን ተናገር» አሉና መስኮቱን ዘጉት።

መኪናው ከግቢ ሳይወጣ እዚያው ተፈታ። አባ ሺ መፍቻዎቹን የዛፉ ጉቶ ላይ ደረደራቸው። ከሞተሩ አናት ያለውን ትልቅ ብረት፣ ቴስታታውን፣ አንሥቶ ገለበጠው። ካቴናው ተበጥሶ ቫልቮቹ ቀጥ ባሉበት ፒስቶኖቹ ሽቅብ ወጥተው ገጭተዋቸዋል። ስምንቱም እንደ አሮጊት ጣት ተጣመዋል። የዘይቱን ቋት ሲያወርድ ካቴናው የሚንሸራተትበት መደገፊያ ተሰባብሮ ታች ተከማችቷል። ዘይቱ ጥቁር አይደለም፤ ውኃ ገብቶበት እንደ አመድ ገርጥቷል።

ሴትዮዋ ውኃ ልታቀብለው መጥታ አየችው።

«ምን ሰበረው?»

አፉን ከፈተ። በዚህ ጥያቄ ሌላ ጊዜ የሁለት ሰዓት ትምህርት ይሰጥ ነበር።

«ዕድሜ ነው» አለ።

«አባ ሺ። እኔን አትዋሸኝ።»

ጣቱን ዘይቱ ውስጥ ነክሮ አሳያት። «ሞተር ቀዝቅዞ ሲነሣ ዘይቱ ገና ታች ነው። እስኪደርስለት ካቴናው ላልቶ ይንኳኳል። ሲሞቅ ይረጋል። ይህ ግን… ሳይሞቅ ይጠፋል፣ እርጥበቱ ሳይተን ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ ደግሞ በቀዝቃዛው ይነሣል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አምስት ወር።»

ሴትዮዋ ኩባያውን እንደያዘች ቆመች። «እኔ ነኛ፣ እንግዲያ፣ የገደልኩት።»

«እኔ ነኝ እንጂ! ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል ያልኩሽ ማን ሆነና? ጠዋት ጠዋት ሲንኳኳ ከጋራዤ እሰማው ነበር፤ ይሄ እንኳ እውነት ነው። ነገ እመክራታለሁ፣ ነገ እመክራታለሁ እያልኩ…» ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ጣቱን በጨርቅ ጠረገ።

አሮጌ ሞተር ነውና ካቴናውን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀ። ቫልቮቹን ከወደቀ መኪና ፈትቶ አመጣ። አራት ቀን ሙሉ ግቢው ውስጥ «ሄደ» የሚያሰኝ፣ «መጣ» የሚያሰኝ ድምፅ አልነበረም። ሚስትየዋ በአውቶቡስ ሄደ፣ በአውቶቡስ መጣ ብትልም፣ ሰሐኑ ማታ ማታ እንደገባ ይመለሳል።

በአምስተኛው ቀን መስኮቱ ተከፈተ። አባ ሺ ካቴናውን ከሚያዞሩት ማርሾች ጥርስ ጋር ምልክት ለምልክት እያገጣጠመ ነበር፤ አንዲት ጥርስ ከተዛነፈች ድካሙን ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

«አንተ» አሉ እናት፤ እንደ ሌላው ቀን አልጮኹም። «ልጄ መኪናው ሲድን አስቀድሞ ወደኔ ይግባ በለው።»

አባ ሺ ቀና አላለም።

«ድምፁን አጥቼው ስተኛ አሰብኩ። ዛፉስ ዛፍ ነው፤ ያረጀ ነበር፣ አንድ ቀን በራሱም ይወድቅ ነበር። ትቼዋለሁ በለው። ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ እማማ።»

«እንዳታጋንነው ደግሞ! አለቀሰች ምናምን እንዳትለው። ትቼዋለሁ፣ ይግባ። ይኸው ነው።»

መስኮቱ ሲዘጋ መፍቻው ከእጁ ወድቆ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራው አላልቅ አለ። የጠበቀ ቡሎን ፈትቶ ያጠብቃል። የጸዳውን ያጸዳል። ሦስት ቀን አሥር ዓመት ሆነ። በሰባተኛው ቀን ሴትዮዋ ጉቶው አጠገብ ቆመች።

«ለምን አያልቅም?»

«ካለቀ ሁለት ቀኑ ነው።»

የእናትን መልእክት ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራት። በዕድሜው ሰው ያለውን እንዳለ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሴትዮዋ ጉቶው ላይ፣ መፍቻዎቹን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። 

«እኔ ልነግራቸው አልችልም» አለች።

«እኔ እገባለሁ» አላት። «አንቺ አስነሺው ብቻ።»

ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። መንኳኳት የለ፣ ማጉረምረም የለ፤ ውኃ የሞላ ብርጭቆ ቢያስቀምጡበት ጠብታ የማያፈስ ሆኗል። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የበለጠ ሥራ ነበር፤ መማል እንኳ አያስፈልገውም።

ከመስኮቱ «መጣ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ከዚያም «ይግባ በሉት! ግባ ልጄ!»

አባ ሺ እጁን በጨርቅ ጠረገ። የጠረገውን ደግሞ ጠረገ። ገባ።

እናት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጠጉራቸው ተበጥሯል። ከአልጋው አጠገብ አንድ ወንበር ተስቦ ቀርቧል፤ ላዩ ላይ የታጠበ ጨርቅ ተነጥፎበታል።

«አንተ ነህ እንዴ? እሱስ?»

ከግቢ እስከ አልጋው ባሉት ጥቂት እርምጃዎች ሺህ ቃል አዘጋጅቶ ነበር። የሐኪሙን ትእዛዝ፣ የቀባሪውን ብዛት፣ ጓደኛው ዘወትር እናቱን ያነሣ እንደነበር። አንዱም አልመጣለትም። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፤ ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

«እማማ፣ እሱ የለም። አምስት ወሩ።»

እናት አላለቀሱም። ዘይት የጠጣ ጥፍሩን አዩ። ውጭ ሞተሩ ይሠራል።

«ጠዋት ጠዋት ማን ነበር?»

«ሚስቱ።»

«ማታስ?»

«እሷው ነበረች።»

«በዚያ ብርድ» አሉ እናት። 

በመስኮቱ በኩል ሴትዮዋ ትታያለች፤ አባ ሺ ተንበርክኮ ስታየው እጇን ወደ ቁልፉ ሰደደች። እንደ ለመደችው፣ ሁለቱ ደቂቃ ሞልቶ ነበር።

«ተዪው!» እናት ድምፃቸውን ከየት እንዳመጡት እሳቸውም አያውቁትም። «አታጥፊው፤ ይሙቅ። አንቺም ነይ ግቢ።»

ገባች። እናት በእጃቸው ወንበሩን አሳዩዋት። የታጠበው ጨርቅ ላይ ስትቀመጥ ነው እንባቸው የመጣው፤ ሞተሩም ግቢው ውስጥ ብቻውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአምስት ወሩ፣ መሞቅ ጀመረ።