በቀይ የተከበበችው ማድቤት

«በሩ በየት በኩል ነበር?»

ለሟች የሚቃጠለውን የወረቀት ቤት የሚሠሩት ሽማግሌ፣ አጎት ሉ፣ ምስሉን ወደ መብራቱ አስጠጉ። «ይኼ የሚያሳየኝ ጣሪያውን ብቻ ነው።»

«በማድቤቷ በኩል ነበር፣ አጎቴ» አለች ፔይጄን። «ሌላ ፎቶ የለኝም። ሁሉም ከእማዬ ጋር ጭቃው ውስጥ ቀረ።»

ምስሉ በሳተላይት የተነሳ ነው። አምና የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ከቤቱ ጎን ያለችውን የቆርቆሮ ማድቤት በቀይ ከቦ፣ ያለፈቃድ ስለተሠራች ትፍረስ ብሎ የላከው ነው። እናቷ ፔይጄን ወደምትኖርበት ከተማ ወደ ታይቹንግ «አንብቢልኝ» ብላ ስለሰደደችላት ተረፈ።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጎረቤቶች ለሟቿ የሚቃጠል ወርቃማ ወረቀት በአበባ ቅርጽ እያጠፉ ያንሾካሹካሉ።

«መዶሻ ይዛ ራሷ ስታፈርሳት ትዝ ይልሻል?» አለች አንዷ። «‹ከሰማይ ሆነው ድስቴን ካዩት፣ ጨው ሲያንሰው ይንገሩኝ!› እያለች።»

ሳቁ፤ ወዲያው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ፔይጄን አልሳቀችም። እናቷ ሳይነጋ ማድቤት ገብታ የቀርከሃ ቡቃያ የምትቀቅል ሴት ነበረች። ማድቤቷ ስትፈርስ ምድጃዋን ወደ ቤት አስገባች። አንድ ቀን ሳይነጋ ተራራው በዝናብ ሲናድ ቤቱን ከነእሷ ዋጠው። ማድቤቷ የነበረችበትን ቦታ ግን ጭቃ አልነካውም፤ በደጇ የተከለችው ቃሪያ አሁንም እዚያው ቆሟል።

ከሰዓት በኋላ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነጭ አበባ ይዞ መጣ። ዕጣን ሊለኩስ ሲል ፔይጄን ምስሉን ፊቱ ዘረጋችው።

«ይቺን አይታችኋል» አለች ቀዩን ክብ እየነካች። ጣቷ ከቤቱ በላይ ወዳለው ተዳፋት ሄደ፤ በቀርከሃው መሀል ቀጭን ጥቁር መስመር ተጋድሟል። «ይኼን ስንጥቅስ?»

ኃላፊው አጎንብሶ አየ። «እሱ... የኛን ክፍል አይመለከትም፣ እህቴ። እኛ የምናየው ግንባታ ነው።»

«ከማድቤቷ አሥር እጥፍ ይረዝማል!»

«ታይቶ ሊሆን ይችላል። መክበቡ ግን የኛ ሥራ አልነበረም።»

ዕጣኑን ከእጁ ወሰደችው።

«እንግዲያው ይኼም የእርስዎን ክፍል አይመለከትም።»

ድንኳኑ ውስጥ ወረቀት የሚያጥፍ እጅ ሁሉ ቆመ። ኃላፊው አበባውን እንደያዘ ወጣ።

አጎት ሉ የወረቀት ቤቱን ጨርሰው ወደ እሷ አዞሩላት። «ደህና ነው?»

«ማድቤቷስ?»

«ያቺ እንኳ የፈረሰች...» ብለው ጀመሩና ፊቷን አይተው ተዉት። ብርማ ወረቀትና መቀስ አቀበሏት።

ቆረጠች፣ አጠፈች፣ ትንሿን ማድቤት በሩ አጠገብ ለጠፈቻት። ማጣበቂያው ከደረቀም በኋላ እጇን አላነሳችም።