ቀስ ብሎ የሚሞላው

“አሁን፣ በዚች ደቂቃ መብራት አለ?” ኢሳያስ ስልኩን በአንድ እጁ ጆሮው ላይ አጥብቆ፣ በሌላው የመኪናውን የኋላ በር ከፈተ።

“አለ ወንድሜ” አለው ሰላሐዲን ከጅማ። “ስትደርስ ካለ ትሞላለህ፤ ከሌለ ሻይ እጋብዝሃለሁ።”

ሰላሐዲን ጅማ መግቢያ ላይ መኪና የሚታጠብበት ግቢ አለው፤ ከግቢው ጥግም አንድ ፈጣን ቻርጀር አስተክሏል። ኢሳያስ ሰውየውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ስልኩን ያገኘው የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ሰዎች ከሚጠያየቁበት የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ገና ሳይነጋ ጀምሮ እዚያ ሲጠይቅ፣ ሲደውልና ሲያሰላ ቆይቷል። ሌላው የጅማ ቻርጀር አፉ ከእሱ መኪና ጋር አይገጥምም አሉት። የወልቂጤው ሆቴል ግን ይሠራል። እንግዲህ ከቦንጋ ጅማ ባለው ቻርጅ ይሄዳል፣ ጅማ ላይ ይሞላል፣ ሳይመሽ ወልቂጤ ገብቶ ያድራል፣ መኪናዋም እዚያ ስትሞላ ታድራለች። ነገ እሑድ ረፋዱ ላይ አዲስ አበባ ናቸው። ቀብሩ እሑድ ስድስት ሰዓት ነው።

አማቱ ጋሽ ሣህሌ ቀብር መኖሩን አያውቁም።

“ይኼን የት ላድርገው?” አሉ ከኋላው። በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ጄሪካን ታቅፈዋል። “ማር ነው። ኦፕራሲዮኑ ሲያልቅ ቁስሉ ላይ ይቀቡለታል። የሐኪም ቤት መድኃኒት ብቻውን አያደርቀውም።”

ኢሳያስ ተቀበላቸው። ከባድ ነበር። መጀመሪያ ያሰበው ክብደቱ ምን ያህል ባትሪ እንደሚበላ ነው፤ ወዲያው ይህን በማሰቡ አፈረ።

የሞተው የመጨረሻ ልጃቸው ዋለ ነው። አዲስ አበባ የበርና መስኮት አሉሚኒየም ይገጥም ነበር። ወር ሙሉ ሆስፒታል ተኝቶ፣ እህቱ የሺሃረግ ከጎኑ ሳትለይ ስታስታምመው ከርማ፣ ትናንት አመሻሹ ላይ አረፈ። የሺሃረግ የኢሳያስ ሚስት ናት። ወሬው ቦንጋ እንደ ደረሰ የዕድሩ ሰብሳቢና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ኢሳያስ ግቢ ተሰበሰቡ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይም አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ሰው ከግራና ከቀኝ ቆሞ፣ ጧት ነው የሚነገረው። እስከዚያው ድረስ ዋለ ኦፕራሲዮን ሊሆን ነው፣ አባቴ መጥቶ ይባርከኝ ብሏል ይባል ተባለ። ሽማግሌው ወደሚኖሩበት ገጠር፣ ማንኪራ፣ ሰው ተልኮ በሞተር ይዟቸው መጣ።

በአውቶቡስ ይሂዱ የሚለውን ሐሳብ ማንም አልወደደውም። ከተማው ሰምቷል፤ አጠገባቸው የሚቀመጥ አንድ ሰው “እግዜር ያጥናዎት” ቢላቸውስ? ሚኒባሶቹ ማደያ ደጃፍ ተሰልፈው ነዳጅ ይጠብቃሉ። ኢሳያስ የጅማን አውሮፕላን ጠይቆ ሞልቷል ተብሏል። ያኔ የዕድሩ ሰብሳቢ ዞር ብሎ መኪናዋን አያትና፣ “ያንተዋ እኮ ነዳጅ አትል፣ ሰልፍ አትል” አለ።

ይህን ለከተማው ያስተማረው ራሱ ኢሳያስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ያስተምራል፤ መኪናዋን ከገዛ ወዲህ ግን ከክፍል ውጭ የሚያስተምረው ስለ እሷ ነበር። ለጎረቤት፣ ለባጃጅ ነጂ፣ ማደያ ለተሰለፈ ሹፌር ሁሉ አስረድቷል። ያልተናገረው ነገር ቢኖር መኪናዋ ቦንጋ የገባችው አይሱዙ ላይ ተጭና መሆኑን፣ ከዚያም ወዲህ ከቅርቧ ጊምቦ አልፋ አለማወቋን ነው። ምን ያህል ትሄዳለች ብሎ የጠየቀው ሽማግሌ አልነበረም። እሱም ቀድሞ አልተናገረም። ቦንጋ ደግሞ ከትናንት ቀትር ጀምሮ መብራት የለም፤ ባትሪው ከመቶ ሰባ ላይ እንደቆመ ነው።

ሊነሱ ሲሉ ጎረቤታቸው ዓባይነሽ ልትሰናበት ወጣች። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ለብሳዋለች። ሽማግሌውን ስታይ ደነገጠችና በር ጥግ ዞር ብላ ገለበጠችው።

“ማንን ቀብረሽ ነው ዓባይነሽ?” አሉ ጋሽ ሣህሌ።

“የሩቅ ዘመድ ነው ጋሼ።”

“እግዜር ያጥናሽ” አሏት፤ ከመኪናው ወርደውም እጇን ጨበጧት።

የጎጀብ ወንዝን ቁልቁለት ሲወርዱ ከመሪው ጀርባ ያለው የባትሪ ቁጥር ወደ ላይ ጨመረ። ጋሽ ሣህሌ ቁጥር ያነባሉ፤ ዓይናቸውን ከዚያ ላይ አልነቀሉም።

“ሳትበላ ትጠግባለች እንዴ?”

“ቁልቁለት ስንወርድ ራሷን ትሞላለች አባባ።”

“እንዲያው አዲስ አበባ ድረስ ቁልቁለት በሆነልን” ብለው ሳቁ።

ከወንዙ ወዲያ ግን ዳገት ነው። ወደ ሸቤ ሲወጡ ዝናብ ጀመረ፤ ቁጥሩም ጨምሮት የነበረውን መልሶ፣ ከዚያም አልፎ ወረደ። ኢሳያስ ባትሪ ለመቆጠብ ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ በጉም የተሸፈነውን መስታወት በክንዱ እየጠረገ ቀስ ብሎ ነዳ። ከባድ መኪኖች ሳይቀሩ ጥሩምባ እያሰሙ አለፏቸው።

“ልጄ፣ ከዚህስ በእግሬ ብሄድ ይሻል ነበር” አሉ ጋሽ ሣህሌ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ያስቀየሙት መስሏቸው ጨመሩ፤ “ግድ የለም። ዋለ ይጠብቀናል። ከልጅነቱም ችኩል አልነበረም። እኔ ዛፍ ላይ ወጥቼ ቀፎ ሳወርድ ገመዱን ይዞ ታች የሚቆመው እሱ ነበር። ንብ ፊቱን ሲነድፈው እንኳ ገመዱን አይለቅም።”

ኢሳያስ መንገዱን አየ።

“እስቲ ስልኩን ደውልልኝ። በስልክ ልባርከው፤ ምናልባት ሳንደርስ ወደ ኦፕራሲዮኑ ቢያስገቡትስ?”

“ሐኪሞቹ ስልክ አይፈቅዱም አባባ።”

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊት፣ ወደ መስታወቱ ዘርግተው በካፊኖኖ ረጅም ምርቃት መረቁ። ኢሳያስ ቋንቋውን በደንብ አይሰማም፤ የሚለየው የልጁን ስም ብቻ ነበር። ስሙ ብዙ ጊዜ ተጠራ።

ወዲያው የመኪናው ስክሪን ላይ “የሺ” የሚል ጽሑፍ መጣና ጥሪው በድምፅ ማጉያው ጮኸ። ኢሳያስ ስልኩ ከመኪናው ጋር መገናኘቱን ረስቶት ነበር። ቶሎ ብሎ ዘጋው። ቢያነሳው ኖሮ የሐዘን ቤቱ ለቅሶ መኪናውን ይሞላው ነበር።

“አንሳው እንጂ፣ የሺ ናት።”

“ዝናብ ነው አባባ፤ ጅማ ስንደርስ እደውልላታለሁ።”

ጅማ የደረሱት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሰላሐዲን ወፍራም፣ ቦቲ ጫማ ያደረገ ሰው ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ፊቱን ሲያይ ኢሳያስ ምንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ሽማግሌው እንዳይሰሙ ወደ ጎን ወሰደው።

“አሁን ነው፣ ገና ግማሽ ሰዓት አይሆነውም” አለ ሰላሐዲን። “ትራንስፎርመሩ ነው የፈነዳው። ሠራተኞቹ መጥተዋል። ሻይ ልጋብዝህ ያልኩት ለቀልድ ነበር።”

ኢሳያስ ነገሩን በአጭሩ ነገረው፤ ሞቱን፣ ቀብሩን፣ ሽማግሌው አለማወቃቸውን። ሰላሐዲን በለሆሳስ “ኢና ሊላሂ” ብሎ ኮፍያውን አወለቀ፤ ሽማግሌው እያዩት መሆኑን አስታውሶ መልሶ አደረገው።

መጠበቅ ጀመሩ። ከስምንት ሰዓት በፊት መብራት ቢመጣ ወልቂጤ በጊዜ ይደረሳል። ከዘጠኝ በፊት ቢመጣ ይመሻል እንጂ ይደረሳል። ከዚያ በኋላ ግን በጨለማ ያንን መንገድ የሚሄድ የለም። ሰላሐዲን አርፎ አልተቀመጠም። ሚኒባስ ያለው ጓደኛው ጋ ደወለ፤ ጓደኛው ከሐሙስ ጀምሮ ማደያ ተሰልፏል። የጠዋቱ አውቶቡስ ከቀብሩ በፊት አይደርስም። ጄኔሬተሩ ውኃ መሳቢያውን እንጂ ቻርጀሩን አይችለውም። ኢሳያስ ግሩፑ ላይ ጻፈ፤ አንዱ አዝናለሁ ብሎ መለሰ፣ ሌላው አዲስ ስለመጣ መኪና ቪዲዮ ለጠፈ።

ስምንት ሰዓት አለፈ። ዘጠኝም አለፈ። ጋሽ ሣህሌ ከመኪና አጣቢዎቹ ጋር ተግባብተው ስለ ልጃቸው ያወሩ ነበር። አሉሚኒየም ነው የሚሠራው፣ ፎቅ ላይ ሲወጣ አይፈራም፣ ዛፍ ላይ ነው ያደገው ሲሉ ይሰማል።

ዐሥር ሰዓት ላይ የሺሃረግ ደወለች። ኢሳያስ ስልኩን ከመኪናው ለያይቶ ከውኃ ጋኑ ጀርባ ሄደ።

“የት ደረሳችሁ?”

“ጅማ ነን። መብራት የለም።”

 ድምጿ ለቅሶ ጨርሶት ነበር።

“ዕድሩ ቁርጡን ንገሩን እያለ ነው” አለች። “አጎቴ ሰኞ ይሁን ብሎ ለመናቸው። ሰኞስ መድረሳቸውን ማን ያውቃል አሉት። ሰኞ እንደርሳለን ካልክ ግን ያቆዩታል። አንተ በል።”

ኢሳያስ የቻርጀሩን ጥቁር ስክሪን አየ። ጧት ሲያሰላው ሁሉም ነገር የሚገጥም ይመስል ነበር። አሁን ነገ ጅማ መብራት ይኖራል ማለት አይችልም፤ የወልቂጤው ይሠራል ማለትም አይችልም። የማያውቀውን ነገር አውቃለሁ ብሎ አስከሬን ማስቆየት አልሆንልህ አለው።

“ልንገራቸው” አለ። “የሺ፣ ልጃቸው ነው። ይቀበር አይቀበር ማለት የእሳቸው ነው እንጂ የእኔ አይደለም።”

“መኪና ማጠቢያ ውስጥ? አባዬን ማን ይይዘዋል? ማን አብሮት ያለቅሳል?”

“እኔ አለሁ።”

“አንተ አንድ ሰው ነህ ኢሳያስ። አባዬ ብቻውን አያልቅስ። ሌላ ምንም አልለምንህም።”

ከጋኑ ባሻገር ሽማግሌው ሲስቁ ይሰማል። ኢሳያስ ዓይኑን ጨፈነ። ቢነግራቸው ከሰው ለቅሶ ይነጥቃቸዋል፤ ባይነግራቸው ከልጃቸው ቀብር። ሁለቱም ሊመለሱ የማይችሉ ነገሮች ነበሩ፤ ወደ ሁለቱም ያመጣቸው ደግሞ እሱና መኪናው።

“ቅበሩት” አለ።

“እሺ” አለች። ስልኩ ተዘጋ።

ከውኃ ጋኑ ጀርባ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ቆየ። ፊቱን በቧንቧ ውኃ ታጥቦ ሲመለስ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከጎረቤት ሱቅ የቴሌቪዥን ድምፅ በድንገት ጮኸ። አጣቢዎቹ አፏጩ። የቻርጀሩ ስክሪን በርቶ አረንጓዴ ሆነ።

“መጣ!” አሉ ጋሽ ሣህሌ፤ እጃቸውን እያጨበጨቡ። “ምን አልኳችሁ፣ ምርቃቴ ደረሰ።”

ሰላሐዲን ወፍራሙን ገመድ እየጎተተ መጣ። “ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ገና ሲነጋ ትነሳላችሁ” አለ።

ኢሳያስ ገመዱን አየው። በዚህ ከሞላ፣ ወልቂጤም ለመሙላት ቆመው፣ ነገ አመሻሽ ላይ ሰው ከቀብር ተመልሶ ንፍሮ በልቶ የተበተነበት ቤት ይደርሳሉ። በግድግዳው ሶኬት ከሞላ ግን ከነገ ቀትር በፊት አይነሱም። ወልቂጤ ያድራሉ። ሰኞ ጧት፣ ለቀስተኛ በሚመጣበት ሰዓት ይገባሉ። እስከዚያ ድረስ እኚህ ሰው የሚጠብቃቸው ልጅ አላቸው።

“በዚያኛው ሶኬት ይሁንልኝ” አለ።

“እሱ እኮ እስከ ነገ...” ብሎ ሰላሐዲን ጀመረና የኢሳያስን ፊት አይቶ ተወው። ወፍራሙን ገመድ ጠቅልሎ ቦታው መለሰው፤ ቀጭኑን ይዞ መጣ።

“ምነው? ያኛው ነው ፈጣኑ ሲሉ ሰማሁ” አሉ ጋሽ ሣህሌ።

“ባትሪውን ይጎዳዋል አባባ።”

“እንዲያ ከሆነ አይጎዳ። ገና ብዙ መንገድ አለን” አሉ። ማሩን ራሳቸው አውርደው፣ ሰላሐዲን ወደ ከፈተላቸው ክፍል ሊገቡ ሲሉ ዞር ብለው ቁጥሩን ፈለጉ። “ስንት ሆነ?”

ኢሳያስ መሰኪያውን በደንብ ገፍቶ አጠበቀው።

“ገና ነው” አላቸው።