የካፖርቴ ሦስተኛ ቁልፍ

በጠርሙስ ፋብሪካው ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁሉም የሚለኝ «ጋሽ እንከን» ነው። መጀመሪያ ሲያወጡልኝ ተናድጄ ነበር፤ በኋላ ግን አንድ ሰው በትክክለኛ ስሜ ሲጠራኝ ዞር ማለት ተውኩ። ሥራዬ ባዶ ጠርሙስ ማየት ነው። ከጀርባው መብራት በበራ ነጭ ሰሌዳ ፊት እቀመጣለሁ፤ ጠርሙሶቹ በሚንቀሳቀሰው ቀበቶ ላይ ተሰልፈው ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋሉ፤ እኔ የተሰነጠቀውን፣ አረፋ የቋጠረውን፣ አንገቱ የተጣመመውን መዝዤ አወጣለሁ። ደህናውን አልነካውም። ደህና ጠርሙስ እኔ ዘንድ የለም ማለት ነው፣ ያልፋል፣ አለቀ። ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩት እንዲህ ነው።

እንዲህ ያለ ዓይን ደግሞ ከሥራ ሲወጡ እንደ ቱታ አውልቀው የሚሰቅሉት አይደለም። ቤት ስገባ መጀመሪያ የሚታየኝ ጣሪያው ላይ ያለው እርጥበት ነው። ሰው ቤት ተጋብዤ ሄጄ የተጣመመ የበር ማጠፊያቸውን አሳይቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ሚስቴ የሠርጋችንን ፎቶ አውጥታ ምን እንደሚታየኝ ብትጠይቀኝ፣ ከኋላችን የቆመው ሰውዬ አፉን መክፈቱ ነው አልኳት። ሳቀች። እሷ መሳቅ ይቀናታል። እኔን ለማግባትም ከዚህ ሌላ ምክንያት የነበራት አይመስለኝም።

የተዋወቅነው እዚያው ሰሌዳ ፊት ነው። ዘጠኝ ዓመት ከጎኔ ተቀምጣ ሠርታለች፤ እውነቱን ለመናገር ዓይኗ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ግን አንድ አመል ነበራት። አንዳንዴ ምንም ያልሆነ ጠርሙስ አንስታ መብራቱ ላይ ታዞረውና «ይህቺን እያት እስቲ፣ እንዴት ቆንጆ ሆና ወጥታለች» ትለኛለች። እኔ ሥራሽን ሥሪ እላታለሁ።

አለቃችን አልፎ አልፎ ሳይነግረን ሆን ብሎ የተበላሸ ጠርሙስ በመሃል ይሰድድብናል። ቂጡ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ አለችው። እኛ «ሰላዩ» እንለዋለን። ሰላዩን ካወጣህ ነቅተሃል፤ ካሳለፍከው ዓይንህ ተከፍቶ አንተ የለህም ማለት ነው። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ሰላይ አሳልፌ አላውቅም ነበር። በዚህ ስኮራ ኖሬአለሁ።

ሚስቴን ያማት ሳንባዋን ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ አገላብጦ፣ በቃ ወደ ቤት ውሰዷት አለን። እንዲህ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሷም አወቀች። ታናሽ እህቷ ሻንጣዋን ይዛ መጣችልን፤ አልጋውን ከፎቃችን መስኮት ሥር አስጠጋነው፤ መንገዱን እንድታይ። ያን ቀን መስኮቱ በደንብ አይዘጋም ብዬ ሳጉረመርም ዋልኩ።

ካፖርቴ አምስት ቁልፍ ነበረው። ሦስተኛው፣ ደረቴ መሃል ላይ ያለው፣ አምና አውቶቡስ ውስጥ ስንጋፋ ተበጥሶ ቀረ። አምጣው ልትከልልህ እያለች ለምና ለምና ደከማት። ለአንድ ቁልፍ ብዬ ካፖርት አውልቄ ስጠብቅ ልውል? ንፋስ ሲመጣ በግራ እጄ ጨብጬ እይዘዋለሁ። ቆይቶ ንፋስ ሳይኖርም እጄ ራሱ ሄዶ መያዝ ለመደ።

ከታመመች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ካፖርቴን የምትቆልፍልኝ እሷ ሆነች። ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ናት፤ ከቤቱ ሥራ ሁሉ ይቺን ብቻ ተዉልኝ ብላ። አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሷ በሚንቀጠቀጡ ጣቶቿ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ትቆልፋለች። ያኔ አንተ የት ነበርክ ብትሉኝ፣ በራሷ ላይ አሻግሬ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ነበር፤ አውቶቡስ ያመልጠኛል። የእኛ ክፍል ከእቶኑ የራቀና ብርዳም ስለሆነ ካፖርቴን ለብሼው ነው የምውለው። እሷ ጠዋት የቆለፈችውን ማታ ነው የምፈታው፤ ያውም በልማድ፣ ሳላየው።

ማታ ስገባ ደግሞ ጥያቄ አለባት። ዛሬ ምን ጥሩ ነገር አየህ ትለኛለች። ትልቅ ነገር አልፈልግም፣ አንድ ትንሽ ነገር ይበቃኛል ትላለች። የመጀመሪያው ቀን ምንም አላየሁም አልኳት፤ ፊቷ ሲጠወልግ አንጀቴን በላችው። በማግስቱ ውሸት ጀመርኩ። አውቶቡሱ ውስጥ የሚዘፍን ሽማግሌ ፈጠርኩላት። ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ የተኛች ድመት ፈጠርኩላት። እያማረልኝ ሄደና አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ወንዙ ላይ የሠራችውን ቀለም ሁሉ ዘረዘርኩላት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ ዝናብ ነበር እኮ አለችኝ።

«አንተ ሰው፣ ዘጠኝ ዓመት ከጎንህ ተቀምጫለሁ፤ የተሰነጠቀ መለየት ያቅተኛል ብለህ ነው?» አለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀችና ቀጠለች። «ለእኔ መስሎህ ነው የምትደክመው። እኔ እዚህ ተኝቼም ሞልቶኛል። ሻዩ ትኩስ ሆኖ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል። ትራሴን ሲገለብጡልኝ፣ ያ ቀዝቃዛው ጎን ጉንጬን ሲነካኝ ደስ ይለኛል። የሚያስጨንቀኝ አንተ ነህ። እኔ ስሄድ በዚህ ዓይንህ ብቻህን ምን ልትሆን ነው? አንድ እውነተኛ አምጣልኝ። አንድ ብቻ። ከዚያ ሳልጨነቅ እሄዳለሁ።»

እኔም ፍለጋ ወጣሁ። በእውነት ፈለግኩ። ዛፍ አየሁ፤ ግንዱን ትል በልቶታል። ሁለት ሴቶች ሲሳሳቁ አየሁ፤ ጠጋ ስል ሰው እያሙ ናቸው። ሰማዩ የጠራ ቀን ደግሞ አንገቴን አቅንቼ ሳይ የተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ ልገባ ለትንሽ ተረፍኩ። ማታ ገብቼ የለም እላታለሁ። በደንብ ፈልገሃል ወይ ትለኛለች። አገላብጬ ፈልጌአለሁ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም እላታለሁ። ይህን ስላት ደረቴን አየት አድርጋ ፈገግ ትላለች፤ እህቷም ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች። በጭንቀቴ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ደሜ ይፈላል። አንድ ማታ እንዲያውም እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን እየሳሳች ነበር። መጀመሪያ ደገፍ ብላ መቀመጥ ተወች፤ ቀጥሎ ምግብ ተወች። የካፖርቱን ሥራ ግን አልተወችም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ጣቶቿ እንቢ አሏት። ሁለቱን ቆልፋ እጇ ተንሸራቶ ጭኔ ላይ ወደቀ፤ አረፈች፤ እንደገና ጀምራ ወደ ታች ወረደች። አውቶቡሱ ሊሄድ ሦስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ተይው እኔ እጨርሰዋለሁ ብዬ ልነሳ ስል ካፖርቴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ቆይ፣ አንዷ ቀረችኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ባውቅ ኖሮ አንዷን ቁልፍ እስክትቆልፍ ዓመት እቀመጥ ነበር። አላወቅኩም። ሰዓቱን እያየሁ ጨረሰች፤ ተነስቼ ወጣሁ።

ፋብሪካው ውስጥ ጠርሙሶቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ እኔ ማታ ምን እንደምላት አስባለሁ። ረፋዱ ላይ አለቃችን አንድ ጠርሙስ ይዞ ከቀበቶው ማዶ መጣ። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ያከብረኛል። ጠርሙሱን ገልብጦ ቂጡን አሳየኝ። ቀይዋ ነጥብ። ከአፉ እስከ ወገቡ የተሰነጠቀ፣ ማንም ጀማሪ የሚያየው ጠርሙስ በፊቴ አልፎ ሄዷል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ይበቃዎታል» አለኝ ዝግ ብሎ። «ቤትዎ ይሂዱ፤ ከባለቤትዎ ጋር ይሁኑ።»

ሃያ ሁለት ዓመት የኮራሁበትን ነገር እዚያ ሰሌዳ ፊት ጥዬ ወጣሁ። ውጭ ንፋሱ ጉድ ነው። ግራ እጄ ደረቴን ጨበጠ፤ አንገቴን ሰብሬ አውቶቡስ መጠበቂያው ደረስኩ። እዚያ አንዲት ሴትዮ ሁለት ትልልቅ ዘንቢል ይዛ ቆማለች፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ደረጃውን እስክትወጣ እንድይዝላት ጠየቀችኝ። ሰው ዛሬም ይህን ሁሉ ድንች ለምን ይገዛል እያልኩ በሆዴ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ አነሳሁ። ልክ ያን ጊዜ ንፋሱ ከፊት መጣ። ብርዱ ደረቴን እስኪመታኝ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅኩ።

አልመታኝም።

ዘንቢሎቹን አንጠልጥዬ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ካፖርቴ ተዘግቷል። ካፖርቴም ቁልፎቹም ጥቁር ናቸው፤ ደረቴ መሃል ላይ ግን አንድ ትልቅ ቡናማ ቁልፍ አለ፤ የተተከለበት ክር ደግሞ ቀይ፣ ደማቅ ቀይ። ስፌቱ ወዲያና ወዲህ የተሳከረ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የሰፋው ነው። ቡናማው ቁልፍ የማን እንደሆነ አወቅኩት። ቤታችን በር ጀርባ ላይ ከተሰቀለው ከራሷ ካፖርት የተቆረጠ ነው፤ ከእንግዲህ ከማትለብሰው።

ሴትዮዋ ከላይ ሆና ዘንቢሌን አቀብለኝ እንጂ ትላለች። እንዴት እንዳቀበልኳት፣ እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላስታውስም። መንገዱን ሁሉ ያንን ቁልፍ በአውራ ጣቴ እየዳሰስኩ፣ ሰው እያየኝ እያለቀስኩ ሄድኩ። አገኘሁልሽ፣ እውነተኛ ነው፣ በእጄ ይዤዋለሁ፤ ይህንን ነበር የማስበው።

እህቷ ደረጃው ላይ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እኔ ከወጣሁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጀምሮ እንዳልተናገረች፣ ውሃም በማንኪያ ቢሰጧት እንደማትውጥ ነገረችኝ። ገባሁ። ዓይኗ ገርበብ ብሏል፤ ትንፋሿ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። እንደ ጠዋቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ እጇን አንስቼ ጣቶቿን ቁልፉ ላይ አደረግኳቸው።

«አገኘሁት» አልኳት። «ደረቴን ብርድ አልመታኝም። ዛሬ ያየሁት ጥሩ ነገር ይኸው ነው። አመሰግንሻለሁ።»

ይህን ቃል በትዳር ዘመናችን ስንት ጊዜ እንዳልኳት ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አንድም አልመጣልኝ። ትስማኝ አትስማኝ አላወቅኩም። ጣቶቿ አልተንቀሳቀሱም። ደግሜ ነገርኳት፤ የቀዩን ክር፣ የዘንቢሎቹን፣ የንፋሱን። ነግሬ ነግሬ ስጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አመሻሹ ላይ፣ መንገዱ ላይ መብራት ሳይበራ፣ ትንፋሿ ቆመ።

እህቷ ፊቷን ካጠበቻት በኋላ ነው ሁሉንም ያጫወተችኝ።

«አሥራ አንድ ቀን ሆነው፣ ጋሼ» አለችኝ። «አንተ ተኝተህ ነው የሰፋችው፤ ግማሽ ሌሊት ፈጀባት። ጥቁር ክር ብሰጣት፣ ቀዩን አምጪ፣ እንዲያየው አለችኝ። ሰላይ ልስደድበት ነው አለችኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ ጠዋት ጠዋት አንተ ስትወጣ ቀና አድርጊኝ ትልና በመስኮቱ ታይሃለች። የተቆለፈውን ካፖርት ጨብጠህ ይዘህ ስትሄድ ‘ዛሬም ይዞታል’ ትልና ትስቃለች። እስክታስል ትስቃለች። ለምን አልነግረውም ብላት፣ ‘እንዳትነግሪው፤ ይኼ የእኔ የቀኑ ጥሩ ነገር ነው’ አለችኝ።»

ዛሬስ፣ አልኳት።

«ዛሬም» አለች። «ቀና ማለት አቅቷት ትከሻዋን ይዤላት አየችህ። ዛሬም ሳቀች። ከዚያ ነው የተኛችው።»

የቀብሯ ቀን ጠዋት ካፖርቴን ራሴ ቆለፍኩ። ከላይ ወደ ታች፣ አንድ በአንድ፣ ሰዓቱን ሳላይ። ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ ጣቴ እዚያው ቆየ። ሬሳዋን ይዘው ከፊት ወረዱ፤ እኔ ከኋላ። ከበሩ ስንወጣ መንገዱ ፀጥ ያለ ነበር፤ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ንፋስ እንኳ አልነበረም። በመስኮታችን ሥር ስናልፍ ግራ እጄን አንስቼ የተቆለፈውን ካፖርቴን ደረቴ ላይ ጨብጬ ያዝኩት። ጎረቤቶቼ በርዶት ነው ብለው ሻርፕ ሰጡኝ። አልበረደኝም ነበር።