ብርዱ የሚወጣበት ቀዳዳ

ጠጋኙን ሁላችንም ጆሮ ነው የምንለው። ሥራው የመኪና ማቀዝቀዣ ነው። አንድ ክንድ የምታህል የጎማ ቱቦ አለችው፤ አንዷን ጫፍ ቧንቧው ላይ ይደቅናል፣ ሌላዋን ጆሮው ላይ ለጥፎ ጋዙ የት ጋ እንደሚተነፍስ ያዳምጣል። የሰው ወሬ ግን አይሰማም። ጠዋት የነገርኩትን ከሰዓት በኋላ «ምን አሉኝ ጋሼ?» ይለኛል።

የዚያን ቀን መኪናዬን በጥቁር ሸራ አለበሳትና መብራቱን ይዞ ኮፈኑ ሥር ገባ። ቆየ።

«ምን አየህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ይዩት።»

ሸራው ሥር አንገቴን አስገባሁ። ጋዙ ውስጥ የሚጨመር ቀለም አለ፤ ጋዙ በሾለከበት አብሮ ይወጣና በዚያ ወይን ጠጅ ቀለም ባለው መብራት ሲያዩት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። እኛ የመጣነው አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ፍለጋ ነው። ጉድ በሉ! ቧንቧው አረንጓዴ፣ ቺንጋው አረንጓዴ፣ የባትሪው መቀመጫ አረንጓዴ፣ የሞተሩ ሆድ አረንጓዴ። ንጹሕ ቦታ ጠፋ።

«ስንት ሰው ነክቶታል?» አለኝ።

«ካንተ በፊት አራት።»

«አራቱም ቀለም ጨምረዋል፣ አንዱም አላጠበም። ይሄ ሁሉ የድሮ ቁስል ነው ጋሼ። ትኩሱን በምን ልለየው?»

አራቱንም በየተራ ረገምኳቸው። እጃቸውን፣ ካቻቢቴያቸውን፣ ያስተማራቸውን ሰው ሳይቀር። ጆሮ እስክጨርስ ጠበቀኝና «እንጠበው» አለ።

ይሄን የሚሰማ ሰው አንድ ሽማግሌ ሞቀኝ ብሎ ነው ይሄ ሁሉ ግርግር ይል ይሆናል። ይበል! እኔን ሙቀት ምን ያደርገኛል? ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ፤ ሞተር ጭኔ ሥር እየተንተከተከ፣ በሩን ስነካው እጄን እያቃጠለኝ አገር ላገር ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። በወር አራት ቀን ቤቴ ካደርኩ ብዙ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ከጭነት ስወርድ ይቺን የቤት መኪና ገዛሁ። ለመልኳ አይደለም፤ መልክ እንኳ የላትም። ሻጩ ቁልፉን ሲያዞር ፊቴን የመታኝ ብርድ ነው ልቤን የወሰደው።

ባለቤቴ ደግሞ ብርድ አትወድም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብ ተጣላን። መኪና ውስጥ በገባን በሦስተኛው ደቂቃ ጭኔን ቸብ ታደርገኝና «አንተ በረዶ! አጥፋው እንጂ፣ አጥንቴ ውስጥ ገባ እኮ!» ትለኛለች። እኔ አላጠፋም። እሷ ሹራቧን እስከ አገጯ ትጎትታለች። በረዶ ብሎ የሚጠራኝ ከሷ ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም።

ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፣ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ የጣደችውን ድስት፣ ቀጥሎ የቤታችንን በር፣ ቀጥሎ እኔን። አሁን ጠዋት ስነሳ «እንዴት አደሩ?» ትለኛለች። ቁርስ ሳቀርብላት «ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ» ትላለች። አርባ ዓመት አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት! እንዲህ ካለው ትሕትና ጥፊ ይሻለኝ ነበር።

ታዲያ አምና ከሐኪም ቤት ስንመለስ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበርና ማቀዝቀዣውን ከፈትኩት። ሦስት ደቂቃ ብንሄድ ነው። ጭኔን ቸብ!

«አንተ በረዶ! አጥፋው እንጂ!»

መሪው ከእጄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። ዳር ይዤ ቆምኩ። ዞሬ ሳያት እሷው ናት፤ ተቆጥታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ። «ጣራውን አስጠገንከው?» አለችኝ። ጣራው ካፈሰሰ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። «አስጠግኛለሁ» አልኳት። «ውሸታም!» አለችኝ። ወይ ደስታ! ሩብ ሰዓት ያህል ስትጨቀጭቀኝ ቆየችና ድምፅዋ እየለዘበ፣ እየለዘበ ሄዶ «አመሰግናለሁ፣ እዚህ ያውርዱኝ» አለችኝ። እንደገና እንግዳ ሆንኩባት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከምሳ በኋላ መኪና ውስጥ ይዣት እገባ ነበር። አንዳንድ ቀን እምቢ ይላል፣ ብዙውን ቀን ግን ይሠራል። ልጃችን አላመነችም። «አባዬ፣ ብርዱ ከሆነ የሚጠቅማት ይሄን ቆርቆሮ ሽጠው፤ ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ እናስገባ» አለችኝና እናቷን ቢሮዋ ድረስ ወስዳ በረዶ በሚያዘንብ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻት። እናቷ ብርድ ልብስ ለምና፣ አመስግና ተኛች። ብርዱ ብቻ አይደለም ነገሩ። ያ ብርድ ነው፣ ከዚያ ክሩስኮት፣ ከዚያ ከአሮጌ ወንበር ሽታ ጋር፣ እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ። ሐኪሙን ለምን ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። ልጃችንም አንድ ቀን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ በጆሮዋ ሰማች። ዳግመኛ ሽጠው አላለችኝም።

ጋዙ ድሮ በዓመት አንዴ ነበር የሚጎድለው። ዘንድሮ በወር ሆነ፣ ቀጥሎ በሳምንት፣ ቀጥሎ ሞልቼው ቤት ሳልደርስ። ጆሮ ጋ ስመጣ በረዶ ከተባልኩ ሃያ ሦስት ቀን ሆኖኝ ነበር።

አጠብነው። ሁለት ቀን ሙሉ እሱ ከላይ፣ እኔ በዚህ ወገቤ ከሥር ተጋድሜ፣ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ፈተግነው። በሦስተኛው ቀን መብራቱን አበራና ጠራኝ። አንዲት አረንጓዴ ነጥብ፣ ከፊት፣ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ላይ። ጠጠር መትቶት ነው። ሕይወት ዘራሁ! በቃ ነገ ነው አልኩ፣ ነገ በረዶ እባላለሁ።

ጆሮ ያቺን ቀዳዳ ሊበይድ ቧንቧውን ፈታና ቆመ። ጣቱን አስገብቶ አወጣ። ነጭ፣ የደረቀ ሙጫ ነገር።

«ይሄን ማን ጨመረው?»

«እኔ እንጃ፣ ከድሮዎቹ አንዱ ይሆናል» አልኩ።

ሙጫውን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። «ጋሼ፣ ይሄኛው ትኩስ ነው።»

ምን ላድርግ፣ እውነቱን አወጣሁት። ከአራተኛው ጠጋኝ በኋላ አንድ የመለዋወጫ ሻጭ ቀዳዳ ይደፍናል የሚባል ፈሳሽ በቆርቆሮ ሸጠልኝ። እናቴ ትሙት ብሎ ማለልኝ። ሰው ሲጨንቀው የማያምነው የለም፤ እቤቴ በር ላይ፣ በገዛ እጄ፣ አንድ ጠብታ ሳላስቀር ጨመርኩት። አራቱን ጠጋኞች ስራገም ከርሜ አምስተኛው አበላሽ እኔው ሆኜ አረፍኩት።

ጆሮ አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። «ይሄ ደም ሥር ውስጥ ሙጫ መጨመር ነው» አለና ሞተሩን አስነስቶ ቱቦዋን ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ላይ ደቀነ። ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ። ሰማሁት፤ እንደ ወፍጮ እየፈጨ ነበር፣ እህል የሌለበት ወፍጮ።

የሚታጠበውን አጠበ፣ የሚበየደውን በየደ፣ በየመጋጠሚያው ያረጁትን የጎማ ቀለበቶች ለወጠ፣ ጋዝም ሞላ። «ይደር» አለኝ። አደረ። ጠዋት ስመጣ መለኪያው ግማሽ ወርዷል። በሳሙና አረፋ ዞርነው፣ አንዲት ፊኛ አልወጣችም። በመብራት አየነው፣ ጨለማ። በመጨረሻ ጋዝ ሲሸተው የሚጮህ መሣሪያውን አነሳና ሞተሩን ትቶ ገቢናው በር ጋ ሄደ። ነፋሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ፣ ልክ ባለቤቴ ፊት ላይ የሚነፍሰው ላይ አስጠጋው። መሣሪያው እሪ አለ።

«ውስጥ ነው» አለ።

ውስጥ ማለት ክሩስኮቱ ጀርባ ያለው፣ አየሩን ራሱን የሚያቀዘቅዘው ዕቃ ነው። እሱ ደግሞ አይበየድም፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ለዚህች መኪና መሥራት ካቆሙ ዘመን አልፎታል። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ሦስት ቀን ተንከራተትኩ፤ «አባት፣ እርስዎ መኪና ነው ወይስ ቅርስ የሚፈልጉት?» እያሉ ተሳለቁብኝ። በሦስተኛው ቀን ከአንድ የተገለበጠ መኪና ላይ አገኘሁ። እንደ ሕፃን አቅፌው መጣሁ።

ጆሮ አንዱን አፉን ደፍኖ በሌላው አየር ነፋበትና ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረው። ሁለታችንም ባልዲው ላይ አጎነበስን። አረፋው ከአንድ ቦታ ቢሆን እኮ! ከሦስት ቦታ፣ ቡልቅ ቡልቅ።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» አልኩ።

ስሙን የጠራሁት መስሎት «አቤት ጋሼ» አለኝ። ባልስቅ ኖሮ አለቅስ ነበር።

እጁን በጨርቅ ጠረገና አጠገቤ ተቀመጠ። ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «አንድ ጊዜ እሞላልዎታለሁ። ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው የሚቆየው። ኮምፕሬሰሩም ከዚያ በኋላ አይነሳም፤ ሙጫው በልቶታል። ለምን እንደሚፈልጉት ልጅዎ ደውላ ነግራኛለች። እሳቸውን ይዘዋቸው ይምጡ፣ እዚሁ በሩ ላይ ልሙላው። መንገድ ላይ አይለቅብዎት።»

እንግዲህ አንዲት ሰዓት ቀረችኝ። አንዴ ብቻ በረዶ አስብለኝ፣ ከዚያ ወዲያ የመጣው ይምጣ አልኩ ለፈጣሪዬ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ባለቤቴን ፀጉሯን አበጥሬ፣ ያንን ሹራቧን አልብሼ አመጣኋት። እሷ ውስጥ እንደተቀመጠች ጆሮ ጋዙን ሞላው። ኮፈኑን እንደ ወትሮው አልደረገመውም፤ በሁለት እጁ ተጭኖ በቀስታ ዘጋው። እኔም ቀጥ ባለው መንገድ ነዳሁ።

ብርዱ መጣ። የጥንቱ ብርድ! ጣቶቼ መሪው ላይ ደነዘዙ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሦስተኛዋ ገባች፤ ከፈለጋችሁ ሳቁብኝ፣ ጭኔን ወደሷ አስጠጋሁት። ክንዷን ሳየው ፀጉሩ ቆሟል። ሹራቧን እስከ አገጯ ጎተተችው። ከንፈሯ ሲላቀቅ አየሁ። ተመልሶ ገጠመ። አምስት ደቂቃ ሆነ። አሥር ሆነ። እሷ እየተንቀጠቀጠች ወደፊት ታያለች።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ላነሳሳት ብዬ «በጣም ከበረደዎት ላጥፋው?» አልኳት።

«አይ፣ አይንኩት» አለችኝ ደንግጣ። «ባለቤቴ ሙቀት አይችልም። ሲመጣ ቀዝቅዞ ይጠብቀው።»

«ባለቤትዎ የት ሄደው ነው?» አልኳት።

«መንገድ ላይ ነው። ሾፌር አይደል?» ፈገግ አለች። «እኔማ አጥፋው እያልኩ እጨቀጭቀዋለሁ። የምሬን ይመስለዋል።»

«የምርዎን አልነበረም?»

«ብርዱስ ይበርደኛል። ግን ዝም ካልኩት አጠገቤ መኖሩን በምን አውቃለሁ? ስንት ዓመት ባዶ ወንበር ነው ያነጋገርኩት።»

አልቻልኩም። እጇን ያዝኳት። «እኔ ነኝ እኮ! በረዶ ነኝ! ይኸውልሽ፣ መጥቻለሁ፣ አጠገብሽ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ወደ በሩ ተጠጋች። ፈርታኛለች። ፍርሃቷን ላለማሳየት ግን እንደ ሁልጊዜው በትሕትና ነበር የተናገረችው። «እርስዎ ጥሩ ሰው ነዎት። እንዲህ አይባልም ግን። እሱ ቢሰማ ያዝናል።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። ሌላ ምን እላለሁ?

ትንሽ ቆይቶ ከኮፈኑ ሥር ቀጭ የሚል ነገር ተሰማ፤ ፍጭቱም ቆመ። ነፋሱ እንደወጣ ቀጠለ፣ መጀመሪያ ለብ ብሎ፣ ከዚያ እንደ ውጪው አየር። ባለቤቴ መዳፏን ቀዳዳው ላይ ደቀነች። ጠበቀች። ሌላኛውን እጇንም ደቀነች።

«ሞቀ» አለችኝ። «ሳይመጣ ሞቀ።»

«ይመጣሉ» አልኳት። «መንገድ ይዟቸው ነው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለች።

መስኮቱን ዝቅ አደረግሁላት።