ሰንበሌጥ በከድጄ ደጅ

ሩፋይዳ ወልቂጤ ካለው ቢሮዋ ሆና ሳተላይት ባነሳው ምስል ላይ የሣር ዓይነት ትለያለች። ከብት የጋጠው አጭር ሣር ቢጫ፣ ሳይነካ የረዘመው ሰንበሌጥ ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

በዚያ ሳምንት የደረሳት ተራ እምድብር አጠገብ ያለው የትውልድ መንደሯ ነበር። በቤቶቹ ፊት የተዘረጋው ሰፊ የጋራ መስክ፣ ጀፎረው፣ በቡናማ ተሞልቷል። አልገረማትም። ሰው አዲስ አበባ ሲገባ ከብቱን ይሸጣል፤ ከብት ሲጠፋ ደጁን ሰንበሌጥ ይወርሰዋል። ሰው ያለባቸው የእናቷ የከድጄና የጎረቤታቸው የከማሉ ቤቶች ብቻ ነበሩ።

የከማሉ ደጅ ቢጫ ነው። የእናቷ ደጅ ግን ቡናማ።

ምስሉ የትናንት ነበር። ደወለች፤ ስልኩ አይሠራም። ሚኒባስ ይዛ በረረች።

ከድጄ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች።

«ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«ስልክሽ ምን ሆኖ ነው እማ?»

«መብራት የለ፣ በምን ልሙላው? ለበዓል የማትመጪው ልጅ ለስልክ መጣሽ?»

ሩፋይዳ በእናቷ ደጅ ያለውን መስክ ረገጠችው። ሣሩ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። የከማሉ ላም እየጋጠች መጥታ ከከድጄ ደጅ ስትደርስ ቆመች፤ ዙሪያውን ዞራ ከወዲያ ማዶ መጋጥ ቀጠለች።

«ምን ሆና ነው ጋሼ ከማሉ?»

«እንጃላት፣ ሰሞኑን እንዲህ ናት» አሉ ከላሟ ኋላ የመጡት ሽማግሌ። «ከእናትሽ ጋር ተኳርፋ ይሆናል።»

ከድጄ ሳቀች። ነፋስ ተነሳ። ከዚያ አጭር ሣር ውስጥ፣ ሩፋይዳ በዓይኗ የማታየው፣ ደረት ላይ የሚደርስ ሰንበሌጥ ሲንሿሿ ሰማች።

«እማ፣ ተነሽ። ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ።»

«ልጆቼ ለአረፋ ሲመጡ በሩን ማን ይከፍታል?»

«ብቻሽን ብትሞችብኝስ?» ድምጿ ተሰበረ።

ከድጄ አየቻትና ጎመኑን አስቀመጠች። «እስከ አረፋ ብቻ።»

በሩ ተቆለፈ። ቁልፉ እንደ ልማዱ ለጎረቤት ተሰጠ።

«እንግዲህ ደጄን ሣር ይብላው» አለች ከድጄ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

ሩፋይዳ በምስሉ ላይ ያየችውን ቡናማ ደጅ አስታውሳ የተቆለፈውን በር ዞራ አየችው። ከማሉ ቁልፉን በመዳፋቸው ይዘው ግራና ቀኝ የተዘጉትን በሮች ተመለከቱ።

«እኔስ» አሉ፣ «የኔን ለማን ልስጥ?»