መሣሪያ የማይነካው ቧንቧ ሠሪ

ጉድ እኮ ነው! ልጅቷ ወንድሟን ለውትድርና እንዳይወስዱባት ስትጸልይ ከርማ፣ ነገሩን ሁሉ ያበላሸችው አንዲት ቃል ሆና ቁጭ! የቤተ ክርስቲያናቸው ደንብ «የተጠመቀ አማኝ መሣሪያ አይነካም» ይላል፤ አለቀ። የተጠመቀው ቧንቧ ሠሪ ወንድሟም መልማዩ ሻለቃ ፊት ቀርቦ ይህንኑ ተናገረ። ሻለቃው ቦርሳውን ገልበጥ ቢያደርጉት ፒንሳ፣ መፍቻ፣ መዶሻ ዱብ ዱብ!

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የ... የሥራ መሣሪያ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ስትነካ ነው የምትውለው!»

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች በሩጫ ተሰብስበው «የጦር መሣሪያ» ብለው አስተካከሉ። ሻለቃው ደስ አላቸው። «እንግዲያው ማርሽ ባንድ ይግባ፤ ጥሩምባ የሙዚቃ መሣሪያ ነው!» ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ። አሁንስ ቀዳዳ የለውም ብለው «ሠራዊቱን የሚያገለግል ማናቸውም መሣሪያ» አሉት። አቤት ኩራታቸው!

እህትና ወንድም አዲሱን ደንብ ይዘው ከች ሲሉ፣ የሻለቃው ቢሮ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ጣሪያ ይልሳል። ሻለቃው ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ቆመዋል፤ ጫማቸው በሩ ጋ ይንሳፈፋል።

«ቧንቧ ሠሪው! ድረስልኝ!»

«አልችልም ጌታዬ፤ ፒንሳዬ ሠራዊቱን ሊያገለግል ነው።»

«ልሰምጥ እኮ ነው፣ አንተ ልጅ!»

«ደንቡ ነው።»

«ዝጋልኝና ነጻ የሚያወጣህን ወረቀት አሁኑኑ ልፈርም!»

ወንድሟ ፒንሳውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ወይ ንቅንቅ!  ያኔ ለእህቱ ብልጭ አለላት፦ የሚጠመቀው እኮ አሥራ ስምንት የሞላው ነው! እሷ ገና ናት! ደንቡ እሷን የት ያውቃትና!

«ጋሼ፣ ዞር በልልኝ!» ፒንሳውን መንጭቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ዘው። ከሱ ጋር ሥራ ስትሄድ ባትሪ የምታበራለት እሷ አይደለች? ቧንቧውን ጥምዝዝ አደረገችው። ጸጥ!

ሻለቃው ቃላቸውን አልበሉም፤ ከጠረጴዛው ሳይወርዱ ፈረሙ። እሷ እየዘለለች ወንድሟ አንገት ላይ ስትጠመጠም ግን፣ በመልማይ ዓይን አተኩረው አዩዋት።

«አንቺ ግን ጀግና ነሽ። ዕድሜሽ ስንት ነው?»

ልጅቷ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ሽማግሌዎቹ ዘንድ በረረች።

«አጥምቁኝ! ዛሬውኑ!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ደንቡ እኮ አሥራ ስምንት ይላል፣ ልጄ።»

«ታዲያ ተሰብሰቡዋ!»